እግሬን እንዳትቆርጥ

አባቴ ሰው የሌለበት ፎቶ አይገባውም ነበር። ብስራተ ገብርኤል ከቤታችን ዝቅ ብሎ ያለው ፎቶ ቤት መስታወቱ ላይ የአንድ ሐይቅ ፎቶ ለጥፎ ነበር፤ ውሃ፣ ሰማይ፣ ጥቂት ወፎች። አባቴ አንድ ቀን ቆም ብሎ አየውና ባለቤቱን «ሰዎቹ የት ሄዱ?» አለው። ሰውየው «ሰው የለበትም ጋሼ፣ ሐይቁን ነው ያነሳሁት» ቢለው «ታዲያ ፊልሙን ለምን አቃጠልከው?» ብሎት መንገዱን ቀጠለ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። አባቴ አይቀልድም፤ የሚስቀውም ሌላው ሰው ሲከፋው ነው።

ፎቶ መነሳት ለእሱ ሥርዓት ነበረው። ሙሉ ልብስ ይለበሳል፣ ክራባት ይታሰራል፣ ባርኔጣ ይደፋል። ሰውነት ቀጥ፣ እጅ ወደ ታች፣ ጥርስ አይታይም። ከሁሉም በላይ ከባርኔጣው ጫፍ እስከ ጫማው ሶል ድረስ ሙሉ ሰው መታየት አለበት። ከወገብ በላይ ያነሳውን አንድ ምስኪን ፎቶ አንሺ ሰርግ ቤት መሃል ቆሞ ሲያዋርደው አይቻለሁ። ገና ካሜራ ወደ እሱ ሲዞር «እግሬን እንዳትቆርጥ!» ብሎ ይጮሃል። እኔና ወንድሜ ልጆች ሆነን ጓዳ ተደብቀን፣ በእሱ ድምፅ ይህንኑ እየተባባልን ስንስቅ ነው ያደግነው።

ወንድሜ ታላቄ ነው። ማትሪክ አልመጣለትም። አባቴ ውጤቱን በሰማ ማግስት፣ አንድም የማጽናኛ ቃል ሳይናገር፣ ጎፋ ማዞሪያ ያለው የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ይዞት ሄደና ከባንኮኒው ጀርባ አስቀመጠው። ካንዴላ፣ ኩሽኔት፣ የፍሬን ሸራ፣ ክላክስ፤ ቀኑን ሙሉ ይኸው ነው። ወንድሜ ሱቁን ይጠላው ነበር። የግራሶውን ሽታ ይጠላል፣ ከጥፍሩ ሥር የማይለቀውን ጥቁረት ይጠላል። ከሁሉ የባሰበት ግን የአባቴ አመጣጥ ነው። አባቴ እቤት ነኝ ብሎ ተሰናብቶት ይሄድና ድንገት በሩ ላይ ብቅ ይላል። ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ሲያየው የሚቆይበት ጊዜም ነበር። «ዞር ባልኩ ቁጥር አለ» ይለኝ ነበር ወንድሜ።

ወንድሜ ሩሲያ ተምሮ ከመጣ ሰው ላይ አንድ ከባድ የሩሲያ ካሜራ ገዝቶ ነበር። እሑድ እሑድ ላፍቶ ወንዝ ወርዶ ድንጋይ ላይ ሲጋደም ይውልና ጋጋኖ፣ ጭልፊት፣ ያገኘውን ወፍ አንስቶ ይመጣል። ያን ጊዜ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖት፣ የውጭ አገር ሰዎችን ወደ ፓርክ የሚወስዱ ድርጅቶች እዚህም እዚያም መከፈት ጀምረው ነበር። የአንዱ ባለቤት ለመኪናው ዕቃ ሊገዛ ሱቅ ገብቶ ወንድሜ ባንኮኒው መስታወት ሥር ያስቀመጣቸውን የወፍ ፎቶዎች አየ። «እጅህ ጥሩ ነው» አለው። «አውሬውን ከነአገሩ አንስተህ አምጣልኝ፤ ሰው የለበት፣ መኪና የለበት። ከወደድኩት ከእንግዶቹ ጋር እየሄድክ የምታነሳ ሰው እፈልጋለሁ።» ለዚህም እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ ሰጠው። ወንድሜ የዚያን ዕለት ማታ ራት አልበላም። ጓዳ ጠርቶኝ ሁለት እጄን ይዞ «ከዚያ ሱቅ ልወጣ ነው» አለኝ። እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

ያለው አንድ ፊልም ነው። መኪና ደግሞ የለውም። የአባቴ ነጭ ፔጆ ነበረች፤ እሷን ደግሞ አባቴ ጋቢና ካልተቀመጠ ወንድሜ መሪዋን አይነካም። ፈራ ተባ እያለ ጠየቀው። አባቴ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማ፣ ሰውየው ያለውን ሁሉ አስደገመው፤ ሰው የለበት የሚለውን ሲሰማ ቅንድቡን አነሳ። ከዚያ «ጥሩ፣ ቅዳሜ አዋሽ እንሄዳለን» አለ።

«እንሄዳለን?» አለ ወንድሜ።

«መኪናዬ የሚሄድበት እኔም እሄዳለሁ። እናትህም እህትህም አየር ይቀበሉ።»

እማዬ ደስ አላት። ዳቦ ጋገረች፣ እንቁላል ቀቀለች። እኔ ግን የአባቴን እሺ አላምነውም።

ቅዳሜ ማለዳ አባቴ ከመኝታ ቤቱ ሲወጣ ጥቁር ሙሉ ልብሱን ለብሷል፣ ክራባቱን አስሯል፣ ባርኔጣውን ደፍቷል፣ ጫማው ፊት ያሳያል። እማዬ «አዋሽ እኮ ነው የምንሄደው፤ በሙቀት ልታልቅ ነው» አለችው።

«ፎቶ ልነሳ አይደለም እንዴ የምሄደው?»

«አባባ፣ እኔ የማነሳው አውሬ ነው» አለ ወንድሜ።

«አንሳ። ማን ከለከለህ?»

በሳሪስ፣ በቃሊቲ አድርገን ናዝሬትን አለፍን፤ መተሐራ ስንደርስ ፀሐይዋ መክረር ጀምራለች። አባቴ መንገዱን ሁሉ «ቀይር! ያዝ! ልቀቅ!» ሲል ነው የመጣው። የፓርኩ በር ላይ ያለው ጠባቂ ከመኪና መውረድ ክልክል መሆኑን ነገረን። አባቴ ባርኔጣውን አንስቶ «እሺ የእኔ ልጅ፣ ሕግማ ይከበራል» ብሎ መለሰለት።

ብዙም ሳንርቅ ሳላዎቹን አየናቸው። ሳላ አይታችሁ ካላወቃችሁ፣ ቀንዱ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ የተመዘዘ፣ ፊቱ በጥቁርና በነጭ የተቀባ የሚመስል፣ ፈረስ የሚያክል እንስሳ ነው። ሣሩ መሃል ብዙ ሆነው ቆመዋል፣ ከኋላቸው ተራራው አለ። ወንድሜ ሞተሩን አጠፋ። የእማዬን ነጠላ አጣጥፎ መስኮቱ ላይ አደረገና ካሜራውን አስደገፈው። እጁ አይንቀጠቀጥም ነበር። ያ ሱቅ ውስጥ ካንዴላ ከእጁ ሲጥል የሚውል ልጅ እዚያ ሌላ ሰው ሆነ።

የጋቢናው በር ተከፈተ። አባቴ ወረደ። እንደ ሙሽራ ቀስ እያለ በሣሩ መሃል ሄዶ፣ በሳላዎቹና በእኛ መካከል ዞረና ቆመ። ክራባቱን አስተካከለ። እጁን ወደ ታች ዘረጋ።

«በል አንሳ! እግሬን እንዳትቆርጥ!»

«አባባ ግባ! ክልክል ነው! እንስሳቱ ይሸሻሉ!»

አባቴ አንድ እጁን ከፍ አድርጎ አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር አሳየን። የመኪናውን ቁልፍ ነቅሎ ይዞት ወርዷል። «ካላነሳኸኝ እዚሁ እናድራለን» አለ።

ወንድሜ አነሳው። አባቴ የካሜራውን ድምፅ ካልሰማ ንቅንቅ አይልም፣ «ድገም፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር» ይላል። ሲደገምለት ልብሱን እያራገፈ ተመለሰ። ሳላዎቹ መጀመሪያ ገርሟቸው ቀና ብለው ሲያዩት ቆይተው ነበር፤ ጀርባውን ሲሰጣቸው አቧራ አስነስተው ጠፉ። አባቴ ገብቶ በሩን ዘጋና «አሁን የፈለግከውን አንሳ» አለው። ከፊታችን የነበረው አቧራ ብቻ ነው።

ሰጎኗም ጋ እንዲሁ ሆነ። ከርከሮዎቹም ጋ። የሜዳ ፍየሎቹም ጋ። ወንድሜ ቆም ባለ ቁጥር አባቴ ቁልፉን ነቅሎ ይወርዳል፣ ይቆማል፣ ያዛል። ላቡ ከባርኔጣው ሥር እየወረደ የሸሚዙን ኮሌታ አርሶታል፤ ክራባቱን ግን አላላላም። አንዴ ወንድሜ ሳይቆም እየነዳ ሊያነሳ ሞከረ፤ መኪናዋ ጉድጓድ ገብታ ካሜራው ከበሩ ጋር ተጋጨ። አባቴ «አየህ፣ እኔ ካልቆምኩልህ አይሆንልህም» አለው።

እማዬ ከኋላ ሆና «አንተ ሰውዬ፣ ተወው እንጂ፤ ለልጁ ሥራው እኮ ነው» አለች።

«ሥራው ጎፋ ነው ያለው» አላት፣ ዞር እንኳ ሳይል።

ያኔ ለሁላችንም ገባን። ፎቶ ወዶ አይደለም፣ አውሬም ወዶ አይደለም። አንድ ፊልም እንዳለ ያውቃል፤ በራሱ ሰውነት ሞልቶ ሊጨርሰው ነው የመጣው። ከመስኮቱ ውጭ እያየሁ አንበሳ እንዲመጣ ተመኘሁ። እውነቴን ነው። ቀጥ ብሎ እንደቆመ፣ ጥርሱን ሳያሳይ፣ ከነክራባቱ ሲበላው ታየኝ። ባርኔጣው ይተርፋል ብዬ አሰብኩ። ያን ቀን አባቴን ከልቤ ጠላሁት፤ ጥላቻው ደግሞ ምቾት ነበረው።

ምሳ ግራር ሥር መኪናው ውስጥ ሆነን በላን። አባቴ ከማናችንም የበለጠ በላ። ስንነሳ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ወደ ኋላ ተለጠጠ፤ ብዙም ሳይቆይ ማንኮራፋት ጀመረ። ወንድሜ በኋላ ማሳያው መስታወት አየኝ። ፊልሙ ላይ ገና ጥቂት ቀርቶታል። ቀስ ብሎ ነዳ፤ መንገዱ ቁጥቋጦ ወደበዛበት ሲጠማዘዝ ሞተሩን አጥፍቶ መኪናዋን በራሷ እንድትንከባለል ተዋት። ቆመች።

አንድ አጋዘን መንገዱ ዳር ቆሟል። ወንድ ነው። ቀንዱ ተጠማዝዞ ተጠማዝዞ ወደ ላይ ወጥቷል፣ ጎኑ ላይ ነጫጭ ሰንበሮች ተሰምረውበታል። ከኋላው ሴቷ ቅጠል በአፏ እንደያዘች ማኘኳን አቁማ ታየናለች። ቅርብ ናቸው፤ የወንዱ ጆሮ ላይ ያለውን ጠባሳ አይቻለሁ። ሰው የለበትም። መኪና የለበትም። የድርጅቱ ባለቤት ያንን ፎቶ ቢያይ ወንበር ስቦ እንደሚያስቀምጠው እኔ እንኳ፣ ምንም የማላውቀው፣ አውቄያለሁ።

ወንድሜ ካሜራውን አነሳ። የፊቱን ቀለበት በሁለት ጣቱ ቀስ እያለ አዞረ። እማዬ አፏን በእጇ ይዛለች። በመስታወቱ የወንድሜ ግማሽ ፊት ይታየኛል፤ ፈገግ ብሏል።

የአባቴ እጅ ከጎኑ ተነሳ። ባርኔጣው ከፊቱ ላይ አልተነቃነቀም። እጁ ብቻ፣ መንገዱን በደንብ እንደሚያውቅ፣ ወደ መሪው ሄደና ክላክሱን ተጫነው። አለቀቀውም። ያ ጩኸት በዚያ ፀጥታ መሃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። አጋዘኖቹ ዘለሉ፤ ቁጥቋጦው አንዴ ተንቀሳቀሰና ተዘጋ።

አባቴ ባርኔጣውን አነሳ። «የተኛሁ መሰለህ?» አለ። ከዚያ ሳቀ። እንባው እስኪወርድ፣ ጭኑን እየመታ ሳቀ። እማዬ ታለቅሳለች። እኔ «እግዜር ይይልህ አባባ» አልኩት። «አንቺ ደግሞ አፍሽን ዝጊ፤ ለአንቺም አለኝ» አለኝ፣ ዓይኑን እየጠረገ። ወንድሜ ሞተሩን አስነሳ። የቀረውን ፊልም አባቴ ራሱ እየቆመ ጨረሰው፤ በሩ ላይ ከጠባቂው ጋር፣ መተሐራ ከሐይቁ ጋር፣ ናዝሬት ከፔጆዋ ጋር።

ፎቶዎቹ ሲታጠቡ እጅግ የሚያምሩ ነበሩ፤ ሐዘኑም እሱ ነው። የሰፈራችን ፎቶ አንሺ «ጋሼ፣ በዕድሜዬ እንዲህ አጥርቶ የሚያነሳ ልጅ አላየሁም» አለው። አባቴ ጥቁር ወረቀት ያለው አልበም ገዝቶ በእጁ ደረደራቸው። ወንድሜ ከመካከላቸው የተሻሉትን ተውሶ ወደ ድርጅቱ ሄደ፤ እኔም አብሬው ሄድኩ። ሰውየው አንድ በአንድ አያቸው።

«ይሄ ሰውዬ ማን ነው?»

«አባቴ ነው።»

«ሁሉም ላይ?» ሰውየው ጸሐፊዋን ጠርቶ አሳያት። ሁለቱም ሳቁ። ፎቶዎቹን ሰብስቦ ሲመልስለት «ሰርግ አንሳ ወንድሜ፣ ያዋጣሃል» አለው። መንገዱን ሁሉ እስከ ቤት በታክሲ ስንመጣ ወንድሜ ፎቶዎቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በአውራ ጣቱ የአባቴን ፊት ሲሸፍንና ሲገልጥ ነበር።

ራት ላይ አባቴ እየጎረሰ «ምን አሉህ?» አለው።

«አልፈለጉም።»

«እኔን ነው ያልፈለጉት ወይስ አንተን?» ብሎ መልሱን ሳይጠብቅ «በል ነገ ሱቁን በጊዜ ክፈት» አለው።

ፋሲካ ደረሰ። የእድራችን ዳኛ እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ መጡ፤ አባቴ በዓል ሲሆን ለእንግዳ አልበም ማሳየት ይወዳል። «ከአውሬ ጋር ፊት ለፊት የቆምኩትን ላሳይህ» ብሎ አመጣው። ሁላችንም ሳሎን ነበርን። የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠ።

ሳላዎቹ አሉ። ተራራው አለ፣ ሣሩም አለ። መሃል ላይ ግን አባቴ የለም። በቦታው የአልበሙ ጥቁር ወረቀት ይታያል፤ ባርኔጣ የደፋ፣ እጁን ወደ ታች የዘረጋ፣ ቀጥ ያለ ጥቁር ቀዳዳ። ሳላዎቹ ቀና ብለው ቀዳዳውን ያያሉ። ቀጣዩን ገለጠ፤ ሰጎኗ ከቀዳዳ አጠገብ ቆማለች። ቀጣዩንም። በእማዬ ጥፍር መቁረጫ መቀስ ነው የተቆረጠው፤ በጣቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ሳይቀር በጥንቃቄ ተከትሏል። ጫማው ሶሉ ድረስ ወጥቷል። እግሩ አልተቆረጠም።

ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ሌላ ቤትም እንደሚጠብቃቸው ተናገሩ፣ ጠጁን ሳይጨርሱ ሄዱ። አባቴ አልበሙን ጉልበቱ ላይ እንደዘረጋ ቀረ። ወንድሜ በሩን ተደግፎ ቆሟል።

«የቆረጥከኝ የት ነው ያለሁት?» አለው አባቴ፤ ድምፁ አልተለወጠም።

«ሱቅ። ባንኮኒው መስታወት ሥር አቁሜሃለሁ። ሥራህ ጎፋ ነው ያለው።»

«ነጋቲቩስ?»

«አቃጠልኩት።»

እማዬ ተነስታ በመካከላቸው ቆመች። ይመታዋል ብለን ነበር። አልመታውም። ደስ አለኝ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ወንድሜ አሸነፈው ብዬ ነበር።

በማግስቱ አባቴ ከወንድሜ ጋር ሱቅ ሄደ። የሆነውን የነገረኝ ወንድሜ ነው። አባቴ መብራቱን አብርቶ ባንኮኒው ላይ ጎንበስ አለ። ከመስታወቱ ሥር፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ሙሉ ልብስ የለበሱ ትንንሽ አባቶች ተሰልፈዋል። ሁሉም ቀጥ ብለው፣ ሁሉም ሳይስቁ፣ ሁሉም ወደ ባንኮኒው ጀርባ፣ ወደ ወንድሜ ወንበር ፊታቸውን አድርገው። ወንድሜ ሲደረድራቸው አቅጣጫውን አላሰበበትም ነበር። አባቴ ሳቀ፤ የአዋሹን ሳቅ።

«ጥሩ አድርገሃል» አለው። «ከእንግዲህ እቤት ብቀመጥም ግድ የለኝ። እነሱ ይጠብቁሃል።»

ከጎረቤት ጋራዥ ሰው ጠርቶ መስታወቱን በአራቱም ማዕዘን በብሎን አሳሰረው። ከዚያ ወዲያ ሱቁን ብቅ ብሎ ማየት ተወ። እውነትም አያስፈልገውም ነበር። ወንድሜ ካሜራውን የሚገዛው ሰው ሲገኝ ሸጠው። ሱቁን ጠዋት ይከፍታል፣ ማታ ይዘጋል፤ አባቴ ታሞ አልጋ ሲይዝም፣ ሲሞትም፣ ከሐዘኑ ስንነሳም እንዲሁ።

አባቴ ከሞተ በኋላ፣ ከአዋሹ ጉዞ አሥር ዓመት ሳይሞላ፣ አንድ ቀን ወንድሜን ለማየት ጎፋ ወረድኩ። መስታወቱ በደንበኛ ዕቃ ተቧጭሯል፣ አንዱ አባቴ ላይ ካርቡራቶር ተቀምጦበታል። ፀሐይ አደብዝዛቸዋለች፤ ጥቁሩ ሙሉ ልብስ ቡናማ ሆኗል።

«ሰውየው ሞቷል እኮ» አልኩት። «ብሎኑን ፈትተህ አውጣቸው እንጂ።»

«ለምን አወጣቸዋለሁ?» አለኝ። ካርቡራቶሩን ገፋ አደረገና በጣቱ መስታወቱን መታ መታ እያደረገ ያሳየኝ ጀመር። «ይሄ ሳላዎቹ ናቸው። ይቺ ሰጎኗ። ይሄኛው ከርከሮዎቹ፤ እዚህ ትከሻው አጠገብ አንዱ ግልገል ነበር። ይሄ የሜዳ ፍየሎቹ።» እኔ የማየው አባቴን ብቻ ነው። እሱ የሚያየው ከአባቴ ኋላ የነበረውን ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ከዚያ ወንበር ላይ ሆኖ ያየው ያንን ነበር።

«አጋዘኑስ?» አልኩት።

ሊመልስልኝ አፉን ሲከፍት አንድ የታክሲ ሹፌር ገባና ክላክስ ጠየቀ። ወንድሜ ከመደርደሪያው አንድ አወረደ። ክላክስ ደንበኛው ፊት ሳይሞከር አይሸጥም፤ ሁለቱን ሽቦዎች ባንኮኒው ሥር ካለው ባትሪ ጋር አገናኛቸው። ሱቁ በጩኸት ተሞላ። ሽቦውን አላነሳም፤ ሹፌሩ «በቃ፣ በቃ፣ ይሠራል!» እያለ እጁን ቢያወዛውዝም አላነሳም። በተከፈተው በር ወደ መንገዱ ማዶ እያየ ነበር።

ሲያነሳው ወደ እኔ ዞረ።

«ይኸውልሽ አጋዘኑ» አለኝ።